ጠርሙስ ላይ የቀባሁት ቀለም ለምን ይላጣል?

ሰላም ሁላችሁም። ባዶ ጠርሙሶችን አክሪሊክ ቀለም (በውሃ የሚበጠበጥ የሥዕል ቀለም) ቀብቼ የአበባ ማስቀመጫ አደረግኳቸው። በጣም አምረው ነበር፤ ግን በማግስቱ በጥፍሬ ስነካው ቀለሙ እንደ ልጣጭ ተነሳ። ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ችግሩ ቅባት ይመስለኛል። መስታወት ልሙጥ ስለሆነ የጣት አሻራ እንኳ ቀለሙ እንዳይዝ ያደርጋል። በሳሙና እጠቢው፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በማጽጃ አልኮል ጥረጊውና የምትቀቢውን ቦታ በእጅሽ አትንኪው።

መልስ፦ ስስ አድርገሽ ደራርቢ። እኔ አንዴ አወፍሬ ቀብቼ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ሆኖ ቀረብኝ። በስፖንጅ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ከብሩሽ ይሻላል፣ መስመር አይተውም።

መልስ፦ ውሃ ስለምትጨምሪበት ውስጡን እንዳትቀቢ!

ጠያቂዋ፦ አልኮሉን ነው የዘለልኩት! የተላጡትን ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፌ እንደገና እጀምራለሁ። ተባረኩ።