ሺቫ በኮሎራዶ ገደል ውስጥ ምን ይሠራል?

የክርክሩ መነሻ፦ በአሪዞና፣ ኮሎራዶ ወንዝ ቦርቡሮ በሠራው ግራንድ ካንየን ውስጥ፣ አናቱን ጥድ ያለበሰው ጠፍጣፋ የዐለት አምባ ብቻውን ቆሟል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ አካባቢውን ያጠናው የጂኦሎጂ ሰው ክላረንስ ደተን በሂንዱ አምላክ በሺቫ ስም «የሺቫ ቤተ መቅደስ» አለው። ስሙ ይቀየር ወይስ ይቆይ?

ባለ ካርታው፦ ይቆይ። ገደል ውስጥ ሰው ሲጠፋ ነፍስ አድን ሠራተኛው የሚፈልገው በካርታው ስም ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የተለመደን ስም መፋቅ ጣጣው ብዙ ነው።

ተጠራጣሪው፦ የካንየኑን ዐለቶች ስም ተመልከቱ፦ ሺቫ፣ ቪሽኑ፣ ኢሲስ፣ ቡድሃ፣ ዞሮአስተር፣ በዚያ ላይ የጀርመኖች ጥንታዊ አምላክ የዎታን ዙፋን! የዓለም አማልክትና ነቢያት ለስብሰባ የተጠሩ ይመስላል። የአካባቢው ነባር ሕዝቦች ሃቫሱፓይ፣ ሆፒና ፓይዩት ግን እዚያው በደጃቸው ቆመው ይመለከታሉ።

የታሪክ ተማሪ፦ አምባው «ያልተረገጠ ምድር» ነው የሚለው ወሬም ከዚሁ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1937 የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሃሮልድ አንቶኒን ልኮ አምባውን አስፈተሸ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረበትም፤ በካንየኑ ሰሜንና ደቡብ ያሉት ሽኮኮዎች መልካቸው የተለያየ ስለሆነ፣ አናቱ ላይ ተነጥለው የቀሩ አይጦችም ተለውጠው ይሆናል ተባለ። ጋዜጦች «የጠፋው ዓለም» እያሉ አራገቡት። አይጦቹ ግን ያው የታወቁት ሆነው ተገኙ። ከእነርሱ ይልቅ የሚያስቀው ባዶ የኮዳክ ፊልም ካርቶን ነው! በገደሉ ጠርዝ የሚኖረው ፎቶ አንሺ ኤመሪ ኮልብ ቀድሟቸው ወጥቶ ነበር። የጥንት ነባር ሕዝቦች የድንጋይ መሣሪያም እዚያው ተገኝቷል። ስለዚህ «አገኘን» ባዮቹ ሦስተኛ ናቸው።

ባለ ካርታው፦ የመጀመሪያ መሆን ሌላ፣ ስም ማውጣት ሌላ። ደተን የመጀመሪያው ነኝ ማለቱን አላነበብኩም።

ተጠራጣሪው፦ መቀየር ይቻላል ግን። በዚያው ካንየን «ኢንዲያን ጋርደን» ይባል የነበረው ቦታ እ.ኤ.አ. በ2022 «ሃቫሱፓይ ጋርደንስ» ተብሏል። ነፍስ አድን ሠራተኛውም አልጠፋም።

ባለ ካርታው፦ እርሱን እቀበላለሁ፤ ከዚያ የተባረሩት ሃቫሱፓዮች ራሳቸው ናቸው የጠየቁት። የሺቫን ስም ይለወጥ የሚለው ግን እዚህ ያለነው እኛ ነን። ደተንም ያደረገው ይህንኑ አይደለም? ከሩቅ ሆኖ ለሰው ደጃፍ ስም ማውጣት?

ተጠራጣሪው፦ አዲስ ስም አውጡ አላልኩም። የነበረው ይጠየቅ ነው ያልኩት።