«ዮ ጉስቶ ካፌ» ለምን ስህተት ሆነ?

ጥያቄ፦
«ቡና እወዳለሁ» ለማለት በስፓኒሽ «ዮ ጉስቶ ካፌ» አይባልም፤ «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» ነው ይላሉ። «ዮ» እኔ ማለት ከሆነ የት ገባ? «ሊብሮስ» (መጻሕፍት) ሲመጣስ ለምን «ጉስታን» ይሆናል?

መልስ 1፦
«እወዳለሁ»ን ተወውና «ደስ ይለኛል» ብለህ አስበው። የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ቡናው ነው። አንተ ያለኸው «ሜ» ውስጥ ነው፤ «ይለኛል» ላይ ያለችው «ኝ» ማለት ናት። «መጽሐፎቹ ደስ ይሉኛል» እንደምንለው «ሜ ጉስታን ሎስ ሊብሮስ» ይሆናል። የሚከተለው ግስ ከሆነ ግን ሁለትም ሦስትም ቢደረደር ነጠላ ነው፦ «ሜ ጉስታ ሌኤር ኢ ባይላር» (ማንበብና መደነስ ደስ ይለኛል)። «ኤል»ንም («ቡናው» ላይ እንዳለችው «ው» ያለች ቃል ናት) አትተዋት። እኛ በደፈናው «ቡና» ብለን እናልፋለን፣ ስፓኒሽ እዚህ ቦታ አያልፍም።

መልስ 2፦
ሰውየው ሲጠራ ከፊቱ «አ» ይገባል፣ «ሌ»ም («ይለዋል»፣ «ይላታል» ላይ ያለችው «ው» ወይም «ት») አብራ ትቀራለች፦ «አ ሚ ማድሬ ሌ ጉስታ ኤል ካፌ» (እናቴን ቡና ደስ ይላታል)። «ሌ» ለወንድም ለሴትም አንድ ናት፤ ለብዙ «ሌስ»። ለሰው «ሜ ጉስታስ» ማለት ግን እንደ ፍቅር ጥያቄ ነው የሚሰማው። ለሥራ ባልደረባ «ሜ ካዬስ ቢዬን» (እንደ ሰው ደስ ትለኛለህ) በል።

መልስ 3፦
ሕመምም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፦ «ሜ ድዌሌ ላ ካቤሳ» (ራሴን ያመኛል)። እኛን የሚያስተን ሁለት ነገር ነው። «ራሴ» ስለምንል «ሚ ካቤሳ» ማለት ይቀናናል፤ «ሜ» የማን ራስ እንደሆነ ስለነገረች «ላ» (የሴቴ ጾታዋ «ኤል») ይበቃል። ደግሞ «እግሮቼን ያመኛል» ስንል የእኛ ግስ አይበዛም፣ የስፓኒሹ ይበዛል፦ «ሜ ድዌሌን ሎስ ፒዬስ»።

ጠያቂ፦
ገባኝ። «ብርጭቆው ወደቀብኝ»ስ?

መልስ 1፦
«ሴ ሜ ካዮ ኤል ባሶ»። «ሴ ሜ» የእኛን «ብኝ» በደንብ ይተካል፤ ሳላስበው ሆነ፣ ጉዳቱ ግን እኔን ነካኝ ማለት ነው። «ቁልፎቹ ጠፉብኝ» ሲሆን «ሴ ሜ ፔርዲዬሮን ላስ ያቤስ»። ይህን ለሌላ ሰው ለማስረዳት ብዙ ይለፋል፣ አማርኛ ተናጋሪ ግን በአፉ ይዞት ነው የሚመጣው።

መልስ 2፦
ይህ መንገድ የማይሠራበትም አለ። «ራበኝ»፣ «ጠማኝ»፣ «በረደኝ» የሚባሉት በ«ሜ» አይሄዱም፤ «አለኝ» ይሆናሉ፦ «ቴንጎ አምብሬ»፣ «ቴንጎ ሴድ»፣ «ቴንጎ ፍሪዮ»። «አምብሬ» ስም ስለሆነች «በጣም ራበኝ» ለማለት «ሙይ» (በጣም) አይገባም፤ «ቴንጎ ሙቻ አምብሬ» (ብዙ ረሃብ አለኝ) ነው።