ሥራው ወደ ልጆቹ ይምጣ፦ የርቀት ሥራን በተመለከተ ስለምናስገባው የጋራ ሐሳብ (የዕቅድ ውይይት)

ጸሐፊ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ሰላም የማኅበራችን አባላት። ለከተማ አስተዳደሩና ለዩኒቨርሲቲው የምናስገባው ሐሳብ እዚሁ ይቀረጽ ተብሏልና ልጀምር። ተመርቀው ቤት የተቀመጡ ልጆቻችን ሥራ ለማግኘት የግድ 300 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አዲስ አበባ ቤት መከራየት የለባቸውም፤ እዚሁ ሆነው ሩቅ ላለ አሠሪ በኢንተርኔት ይሥሩ ነው ሐሳቡ። ረቂቁ ላይ «ኮምፒውተር የተሟላለት አዳራሽ ይሠራልን» ብዬ ጽፌያለሁ። እስቲ ተቹት።

አባል፣ ከፍኖተ ሰላም፦
አዳራሹን አልደግፍም። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ መብራት ሲጠፋ ይዘጋል። ልጆቹ ላፕቶፕ ተበድረውም ቢሆን ያገኛሉ፤ ያጡት የማይቆራረጥ መብራትና መስመር ነው። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ወራት ሲያስቆጥር፣ ከውጭ ሥራ ይዞ የነበረ ልጅ ለአሠሪው ምን ብሎ ያስረዳ? ደንበኛ አንዴ ከሄደ ሄደ ነው። ስለዚህ ከአዳራሹ በፊት ሁለት የኢንተርኔት መስመርና ሶላር ያለው አንድ ክፍል ይጠየቅ።

አባል፣ ከደብረ ማርቆስ፦
በዚህ ሥራ ላይ ስላለሁ የማየውን ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ላለ አስመጪ ድርጅት ሒሳብ እሠራለሁ። ደረሰኞቹ በቴሌግራም ፎቶ ሆነው ይመጣሉ፤ አንድ በአንድ መዝግቤ ማታ እልካለሁ፣ ማታ ኔትወርኩ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ያለው ሆቴል ሄጄ፣ ቦታው እንዳይከለከለኝ ማኪያቶ እያዘዝኩ እሠራለሁ። ግን ደመወዜ የሚበላው እዚሁ ነው። የቤት ኪራዩ ለሰፈር ሰው ነው፣ ጤፉ ከዚሁ ገበያ ነው፣ ቀሚሴን የሚሰፋው ጎረቤቴ ነው። አዲስ አበባ ብሆን ኖሮ አብዛኛው ለኪራይ ይሄድ ነበር። ይህ ነገር በደንብ ይጻፍልኝ፤ አስተዳደሩ የሚገባው በዚህ በኩል ነው።

አባል፣ ከባሕር ዳር (መምህር)፦
እኅታችን ያለችው ዋናው ነገር ነው። የርቀት ሥራ ደመወዙን ድርጅቱ ካለበት ከተማ አንስቶ ሠራተኛው ወደሚኖርበት ያመጣዋል። ዞሮ ግን ጉዳትም አለው። ከኮሮና በኋላ እንደ ሳን ፍራንሲስኮ ባሉ ከተሞች ቢሮዎች ባዶ ሲቀሩ ምሳ ቤቶቻቸውም ደንበኛ አጥተዋል። እኛ በሚጠቀመው በኩል የመሆን ዕድል አለን። በተለይ ሥራው ከውጭ ከሆነ የውጭ ምንዛሬ ነው፤ ዓባይ በረሃን አቋርጦ ጅቡቲ የሚደርስ መኪና አይጠይቅም። በሐምሌ 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ ወዲህ ደግሞ በዶላር የተከፈለው ልጅ በባንክ ሲመነዝር ከበፊቱ ብዙ ብር ያገኛል።

አንድ ጥናትም ይግባ። የስታንፎርዱ ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ በአንድ የቻይና የጉዞ ድርጅት የስልክ መስተንግዶ ሠራተኞች ላይ ሞክረው፣ ከቤት የሠሩት ውጤታቸው በ13 በመቶ ጨምሯል። በኋላ ቤት ወይም ቢሮ ብለው ራሳቸው እንዲመርጡ ሲደረግ ጭማሪው ወደ 22 በመቶ ተጠግቷል። ስለዚህ ክፍሉ ለሚፈልግ ይሁን። ማንንም አናስገድድ።

አባል፣ ከሞጣ፦
ልጆቼ፣ ሐሳባችሁ ደስ ይላል፤ ግን ሁለት ነገር ያሳስበኛል። በር ሲከፈት በሁለቱም በኩል ነው። ለኛ ልጅ የሚሰጠው ሥራ ነገ በርካሽ ለሚሠራ ለናይሮቢ ወይም ለሕንድ ልጅ ይሰጣል። ደግሞስ ጎበዙ የሒሳብና የእንግሊዝኛ መምህር በዶላር የሚከፍለው ካገኘ ክፍል ውስጥ ማን ይቀራል? ማረሻ የያዘውና ያልተማረው ወጣትስ ከዚህ ምን ያገኛል?

አባል፣ ከባሕር ዳር (መምህር)፦
ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። ርካሽነታችንን ብቻ ይዘን ከወጣን ሌላ ርካሽ ይመጣል። መፍትሔው ሙያ ነው፣ ሙያ ደግሞ ከሰው ጎን ተቀምጦ ይለመዳል። ጀማሪ ልጅ ቤቱ ብቻውን ተዘግቶ አይበስልም። ክፍሉ የሚያስፈልገው ለመብራቱ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ይዘው የቆዩት ጀማሪዎቹን አጠገባቸው አስቀምጠው እንዲያሠሩም ነው። ስለ ወጣት ገበሬው ግን አንዋሽ፣ ይህ ዕቅድ በቀጥታ አይደርሰውም። የሚደርሰው ጤፉን የሚገዛው ሰው እዚሁ ሲኖር ነው። ለእሱ የሚሆን ሌላ ሐሳብ ለብቻው እናውጣ።

አባል፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ውልም ይጨመር። እኔ ያለ ውል ነው የጀመርኩት፣ ብዙ ጓደኞቼም እንደዚያው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በቤት ውስጥ ለሚሠራ ሥራ የራሱ ድንጋጌ እያለው ልጆቹ አያውቁትም። የዩኒቨርሲቲው የሕግ ትምህርት ክፍል አጭር የውል ናሙና በአማርኛና በእንግሊዝኛ ቢያዘጋጅልን ትልቅ ነገር ነው።

ጸሐፊ፣ ከደብረ ማርቆስ፦
ተቀብያለሁ። አዳራሹ ወጥቷል። በምትኩ ሦስት ጥያቄ ገብቷል፦ አሁን ካሉት ሕንፃዎች አንድ ክፍል ከሶላርና ከሁለት መስመር ጋር፣ በክፍሉ ውስጥ ጀማሪዎችን የሚያሠሩ ነባር ሠራተኞች፣ እንዲሁም የውል ናሙናው። የጋሼ የመምህራን ስጋት ደግሞ እንደ ጥያቄ ሳይሆን እንደ ቃላችን ይግባ፦ በክፍሉ የሚጠቀም ሁሉ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ትምህርት ቤት ሄዶ ተማሪዎችን ያግዝ። በዚህ የማትስማሙ እስከ እሑድ ጻፉልኝ፤ ሰኞ ደብዳቤውን ይዤ አስተዳደሩ ጋ እሄዳለሁ።