ሐረና ጫካ ሞስና ሊቨርወርት ልሰበስብ ነው፤ ከየት ልጀምር?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ወገኖች። የማስተርስ ጥናቴን ባሌ ተራሮች ላይ ልሠራ ነው፤ ሐረና ጫካና ከሱ በላይ ያለው አስታ። የአበባ ተክል መሰብሰብ እችላለሁ፤ ሞስና ሊቨርወርት (አበባ የሌላቸው ትንንሽ አረንጓዴ ተክሎች) ግን ነክቼ አላውቅም። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥራዞችም እነዚህን አይጨምሩም። እንደ ሌላው ተክል በፕሬስ (በመጫኛ) ጠፍጥፌ ላድርቃቸው? ሁለቱን ጫካ ውስጥ በምን ልለያቸው? የትኞቹን ቦታዎችስ ልያዝ?

ሄርባሪየም ቤት፦ በርቺ እህቴ፣ በዚህ ዘርፍ ሰው በጣም ያስፈልገናል። ፕሬሱን ተዪው፣ ቅርጻቸውን ያጠፋዋል። ወረቀት እንደ ፖስታ አጥፈሽ ናሙናውን ክተቺና ጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ አድርቂው። ፌስታል ውስጥ ካደረ ይሻግታል። ፖስታው ላይ ቀኑን፣ ጂፒኤሱን፣ ከፍታውንና ምን ላይ እንደበቀለ በእርሳስ ጻፊ። በተለይ የመጨረሻውን አደራ! የኮሶ ግንድ ነው፣ የበሰበሰ እንጨት፣ ድንጋይ ወይስ የሌላ ተክል ቅጠል? ይህ ካልተጻፈ በኋላ ማንም ሊነግርሽ አይችልም። ከተገኘ ደግሞ ካፕሱል (የዘር ብናኝ የሚይዘው ከረጢት) ያለውን ምረጪ፤ ብዙ ሞሶች ያለሱ ለመለየት ያስቸግራሉ።

ሌንስ፦ አሥር ወይም ሃያ እጥፍ የሚያጎላ የእጅ ሌንስ አንገትሽ ላይ ይንጠልጠል። ቅጠላማ ሊቨርወርት ቅጠሎቹ ግራና ቀኝ በሁለት ረድፍ ይደረደራሉ፣ ብዙ ጊዜ ጫፋቸው የተሰነጠቀ ነው፣ መሐል ላይ ደም ሥር የላቸውም፤ ከሥር ደግሞ ሦስተኛ ረድፍ ትንንሽ ቅጠሎች ሊኖሩ ስለሚችሉ ገልብጠሽ እዪ። ሞስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግንዱን ዙሪያውን ይከባል፣ ደም ሥርም ያለው ብዙ ነው። ከአስታው ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለው ግራጫ የዛፍ ሽበት ከሁለቱም አይደለም፣ ላይከን (ፈንገስና አልጌ ተጣምረው የሚሠሩት) ነው። አንድ ነገር እንዳትረሺ፦ የሊቨርወርት ሴል ውስጥ ያሉት የዘይት ጠብታዎች ለመለያ ወሳኝ ናቸው፣ ሲደርቅ ግን ይጠፋሉ። ስለዚህ እርጥብ ሳለ ማይክሮስኮፕ ሥር አይተሽ ፎቶ አንሺ።

የጎባ ልጅ፦ መንገዱ ራሱ ያግዝሻል። ከጎባ ተነስተሽ ሰነቲ አምባ ላይ 4,000 ሜትር ታልፊያለሽ፣ ከዚያ በአስታው አድርገሽ ወደ ሪራ መንደር፣ ከሪራ ወደ ደሎ መና ትወርጃለሽ። በየ200 ሜትር ከፍታው እየቆምሽ እኩል ስፋት ያለው ቦታ ያዢ። በክረምት አትሂጂ፣ መንገዱም ናሙና ማድረቁም ፈተና ነው። በበጋ ሞሱ ደርቆ ብታገኚው አትስጊ፣ ውሃ ጠብ ስታደርጊበት ይዘረጋል። ሰነቲ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ ጋቢም ጃኬትም ያዢ። ጫካውን የሚያውቅ የሪራ ሰው ሳትይዢ እንዳትገቢ።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ! ዛፍ አናት ላይ ያለውንስ? መውጣት አልችልም። ፈቃዱስ?

ሄርባሪየም ቤት፦ ነፋስ የጣላቸውን ቅርንጫፎች ፈልጊ፣ ከላይ የነበረው አብሯቸው ይወርዳል። ብቻ በቅርቡ የወደቀውን እዪ፤ መሬት ላይ የቆየው የመሬቱን ሞስ ይለብሳል። ፈቃዱን ከመሄድሽ በፊት ጨርሺ፣ ምክንያቱም ቦታው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ናሙና ለመለየት ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ ደግሞ ቀድመሽ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ጠይቂ፤ ስለ ጄኔቲክ ሀብት የወጣውን አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቢው። ከእያንዳንዱ ናሙና አንድ ክፍል አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ይቅር። ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ሺምፐር ከ1830ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከሰሜን ኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን ለማየት ዛሬም አውሮፓ መጻፍ አለብን፤ የሐረናው እንኳ እዚሁ ይገኝ።