ዋልካ ላይ የጓሮ እቃ ቤት፣ መሠረቱን እንዴት ላድርገው? (ኮምቦልቻ)

የጓሮዋ፦
ሰላም ናችሁ። ጓሮ ውስጥ 3 በ2 ሜትር የሆነች የቆርቆሮ እቃ ቤት ላሠራ ነው። ዶማ፣ አካፋ፣ ከሰል፣ የዶሮ መኖ ምናምን ነው የሚገባባት። ችግሩ አፈሩ ዋልካ ነው፤ ወደ ቦርከና ወንዝ ጠጋ ስለምንል ክረምት ጫማ ይውጣል፣ በጋ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ጎረቤቴ አምና አፈሩ ላይ በቀጥታ ኮንክሪት አፈሰሰ፣ ዘንድሮ ወለሉ ለሁለት ተከፈለ። ብሩ ደግሞ ያው እንደምታውቁት ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

ግንበኛው፦
አብሽሪ እህቴ። የጎረቤትሽ ወለል ሲሚንቶ አንሶት አይደለም የተሰነጠቀው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ላዩ ላይ ያለውን አብሮ ያነሳል፣ አብሮ ይጥላል። ስለዚህ ገንዘብሽን ከሥር አውጪው። ቢያንስ 50 ሳንቲ ሜትር አስቆፍሪና ዋልካውን አስወግጂ፣ በምትኩ ገረጋንቲ (ጠጠራማ፣ ውሃ ሲጠጣ የማያብጥ አፈር) አስገቢ። አንዴ ሞልቶ ከላይ መርገጥ ግን ዋጋ የለውም፣ ታቹ ልል ሆኖ ይቀራል፤ 15 ሳንቲ በ15 ሳንቲ እየደለደላችሁ፣ ትንሽ ውሃ እየረጫችሁ ጠቅጥቁት። ከዛ ድንጋይ ደርድሩ፣ ክፍተቱን በጠጠር ሙሉ፣ በላዩ 10 ሳንቲ ኮንክሪት። ለ6 ካሬ 0.6 ሜትር ኩብ ነው፣ 1 ሲሚንቶ ለ2 አሸዋ ለ4 ጠጠር ከተመታ 4 ከረጢት ሲሚንቶ አካባቢ ይበቃል። ለ7 ቀን ውሃ ማጠጣት አትርሺ፣ ሰው የሚሰንፈው እዚህ ጋ ነው።

ከጦሳ ሥር፦
እኔ ደሴ ነኝ፣ እኛ ጋ ደግሞ ጣጣው ተዳፋቱ ነው። ግማሹን ቆርጬ በዛው አፈር ሌላውን ግማሽ ሞላሁና ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ሐምሌ ሲገባ የተሞላው በኩል ሰመጠ፣ በሩ እስካሁን በትከሻ ነው የሚዘጋው 😅 ከላይ በኩል ቦይ ባወጣ ኖሮ ግማሹ ችግር አይመጣም ነበር። አንቺም ሜዳ ነው ብለሽ ቦዩን እንዳትተዪው።

ባህር ዛፍ፦
ለዶማና ለመኖ ይሄ ሁሉ ኮንክሪት ምን ያደርጋል? ስድስት ቦታ ቆፍረሽ ጠጠር ጠቅጥቂ፣ ብሎኬት አስቀምጪ፣ በውሃ ልክ አስተካክይና ባህር ዛፍ ጋድመሽ ጣውላ ምቺበት። ከሥሩ አየር ስለሚገባ መኖው አይሻግትም። እንጨቱ አፈር እንዳይነካ ብቻ፣ ምስጥ ይጨርሰዋል።

ግንበኛው፦
እውነቱን ነው፣ ለቀላል ቤት ይሄ ይረክሳል። ዋልካው አንዱን እግር ቢያንቀሳቅሰው እንኳ ቀና አድርጎ ሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ መሸጎጥ ነው፤ የተሰነጠቀ ኮንክሪት ግን ምንም አታደርጊውም።

የጓሮዋ፦
በቃ ብሎኬቱን መረጥኩ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ብቻ፣ የጣራው ውሃ ወደዛው ጎረቤቴ ግቢ ነው የሚወርደው።

ግንበኛው፦
አሸንዳ አድርጊለትና በርሜል ደቅኚበት። ከብሎኬቶቹ ሥር እንዳይተኛ ደግሞ ትርፉን በቦይ አርቂው። የሰውዬው ወለል እንደሆነ ተከፍሏል፣ ውሃ አትጨምሪበት።