«ገና ደም ነው» አሉኝ

አስተባባሪ፦ የዛሬው ክርክር ስለ ፅንስ ማቋረጥ ነው። ከ1997 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕጋችን ማስወረድን በመርህ ይከለክላል። አንቀጽ 551 ግን የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል። እርግዝናው በመደፈር ወይም በዘመዳሞች መካከል የመጣ ከሆነ፣ የእናት ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ፅንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት፣ እናትየዋ በዕድሜዋ ማነስ ወይም በአካልና በአእምሮ ሁኔታዋ ልጅ ማሳደግ ካልቻለች ይፈቀዳል። ሕጉ ይጥበብ ወይስ እንዳለ ይቀጥል? ስድብ የለም።

የልደታ ልጅ፦ ካቶሊክ ነኝ። በሀገራችን ከመቶ አንድ እንኳ አንሞላም። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ አቋማችንን የምታውቁት በወሬ ይመስለኛል። ከጳጳሳት መግለጫ ሳይሆን ከራሴ ልጀምር።

ከአምስት ዓመት በፊት አርግዤ ነበር። በስምንተኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ላይ አየሁት። ባቄላ የምታክል ነገር፣ መሀሏ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ነጥብ። ሐኪሙ ስክሪኑን ወደኔ አዙሮ «ልቡ ናት» አለኝ። ባለቤቴ በስልኩ ቀረጻት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደም አየሁ። ሮጠን ሄድን። ነጥቧ የለችም።

ሊያጽናኑኝ የመጡ ሁሉ «አይዞሽ፣ ገና ደም ነው፣ ሌላ ይሰጥሻል» አሉኝ። ለክፋት አይደለም። ግን እኔ ያለቀስኩት ለደም አልነበረም። ድንኳን አልተጣለም፣ ንፍሮ አልተቀቀለም። ስም የለው፣ መቃብር የለው። ቤተክርስቲያኔ ከፅንሰት ጀምሮ ሰው ነው ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ይህ ደግሞ የካቶሊክ ብቻ አይደለም። በሀገራችን አቆጣጠር የጌታ ፅንሰት መጋቢት 29 ነው፤ ልደቱ ታኅሣሥ 29። ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን። ማርያም ኤልሳቤጥ ቤት ስትገባ በደስታ የዘለለውም ገና በእናቱ ማህፀን ያለው ዮሐንስ ነው።

ስለዚህ ይጥበብ ባይ ነኝ። በተለይ ጉድለት አለበት ተብሎ የሚቋረጠው ያመኛል። አካል ጉዳተኛ ወንድም ያለው ሰው ይህን አንቀጽ ሲያነብ ምን ይሰማዋል?

አዋላጅ ነኝ፦ እህቴ፣ ለልጅሽ ከልቤ አዝኛለሁ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ግን ሌላውንም ልንገርሽ። ሥራ የጀመርኩት ሕጉ ሳይሻሻል ነው። ውርጃ እናቶችን ከሚገድሉ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነበር። እንዶድ የጠጣች ትመጣለች፣ ሽቦ የተጠቀመች ትመጣለች። አንዷ 16 ዓመቷ ነበር። ክፍሉን የሞላው ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ሌሊቱን አላነጋችውም። ቤተሰብ ለመጥራት ስንሞክር የሰጠችን ስም የራሷ አልነበረም። እንደሷ ያለ ታካሚ ዛሬ የማየው አልፎ አልፎ ነው። ሕጉን ስታጠቡ ፅንሶቹ አይተርፉም። እናቶቹ ይጨመሩባቸዋል።

የሕግ ተማሪ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በአንቀጽ 552 መሠረት ለመደፈሯ የራሷ ቃል በቂ ነው። ፖሊስና ፍርድ ቤት እስኪጨርሱ እርግዝና አይጠብቅማ። የልደታ ልጅ፣ እናትየዋ ልትሞት ከሆነስ? ሙቺ ነው የምትሏት?

የልደታ ልጅ፦ በፍጹም። ለምሳሌ ፅንሱ ከማህፀን ውጭ ቱቦው ላይ ከተቀመጠ ሐኪም የተጎዳውን ቱቦ ማውጣት ይችላል። ፅንሱ ይሞታል፣ ግን የታሰበው እሱን መግደል አይደለም። ነፍሰ ጡር ሆና የማህፀን ካንሰር የያዛትም እንዲሁ ትታከማለች። የምንቃወመው ሆን ብሎ ፅንሱን መግደልን ነው።

ከባዱ መደፈር ነው። ልጁ በአባቱ ወንጀል አይቀጣም ብዬ አምናለሁ። ግን ይህን የተደፈረች ልጅ ፊት ቆሜ ለመናገር አቅም የለኝም። ቢያንስ ሕጉ ቃሏን ማመኑን አልነካም።

መንገደኛ፦ ሃይማኖትሽን በሕግ አትጫኚብን። ማመን መብትሽ ነው፣ ማስገደድ ግን ሌላ ነው።

የልደታ ልጅ፦ ወንድሜ፣ የማን ሕይወት ይጠበቅ የሚለው የሃይማኖት ጥያቄ ብቻ አይመስለኝም። ግን አሁን አዋላጇን ልመልስላት።

ያቺ የ16 ዓመት ልጅ ከአእምሮዬ አልወጣችም። እናቴ ቤትም የምትሠራ ሌላ ልጅ ነበረች። ሆዷ ገፋ ሲል ቤቱ ሹክሹክታ በሹክሹክታ ሆነ። እናቴ ማርያም ፊት ሻማ ሳታበራ የማታድር ሴት ናት። የወር ደሞዟን ሰጠቻትና ልብሷን በፌስታል አስይዛ ሸኘቻት። እኔ ያኔ 19 ዓመቴ ነው። የግቢውን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። ትውለድ ታስወርድ፣ ትኑር ትሙት እስከዛሬ አናውቅም። ፅንስ ሰው ነው በሚባልበት ቤት ሁለት ሰው አስወጣን።

ማዘር ቴሬዛ በ1979 እ.ኤ.አ. ኦስሎ ላይ የኖቤል ሽልማቷን ስትቀበል ውርጃን የምንዋጋው በጉዲፈቻ ነው ብላ ነበር። እኛ ጋ የውጭ ጉዲፈቻ በ2010 በሕግ ቆሟል። እንግዲህ የቀረነው እኛው ነን። ስንቶቻችን ነን የሰው ልጅ ቤታችን አስገብተን ያሳደግን? እኔ የማውቀው አንድ ቤተሰብ ብቻ ነው። ይጥበብ ያልኩትን አላነሳም። ግን በሩን የሚከፍት ሳይኖር ሕጉ ብቻውን ቢጠብ እንዶዱ እንደሚመለስ ካንቺ ሰምቻለሁ፣ አምኜሻለሁም።

አስወርዳ ይህን የምታነብ ካቶሊክ እህት ካለች ደግሞ፣ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፖፕ ፍራንሲስ ውሳኔ ማንኛውም ካህን ይህን ኃጢአት መፍታት ይችላል። አትራቂ።

አዋላጅ ነኝ፦ በሕጉ አንስማማም። ይቅር። ግን አሁን እኔ ጋ እርግዝናዋ ሰባት ወር የሞላት ልጅ አለች። ከአረብ ሀገር እንዲሁ ሆና ነው የተመለሰችው፣ ቤተሰቦቿ መመለሷን አያውቁም። መውለድ ትፈልጋለች። እስክትወልድ ማደሪያ የላትም። የሚችል ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።

የልደታ ልጅ፦ ጽፌልሻለሁ። አንድ ክፍል አለን። ባለቤቴን አናግሬ ማታ እደውላለሁ።