ሎንግ ቤዙ ሳንቃበር ላይ ፈላብኝ! አሁን ቆሜያለሁ፣ ድረሱልኝ

የደባርቅ መንገደኛ (ከጠዋቱ 4:20)
ሰላም ወገኖች። በሎንግ ቤዝ ላንድክሩዘር ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን እየሄድኩ የሰሜን ተራሮቹን ሳንቃበር ካምፕ አለፍ እንዳልኩ የሙቀት ጌጁ ቀዩ ላይ ወጣ። ቆሜ አበረድኩት፣ ውሃ ጨመርኩ፣ ሁለት ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሄድ ደገመኝ። ከጎንደር ደባርቅ አስፋልቱን ስመጣ መርፌው ከመሃል ንቅንቅ አላለም። ቀስ እያልኩ ዳገት ስወጣ ብቻ ነው የሚግለው። ነገ የአማቴ ተዝካር ነው፣ እህሉ ያለው እኔ ላይ ነው። ልቀጥል ወይስ ልመለስ? ስልኬ 30 ፐርሰንት ነው ያለው፣ ቶሎ በሉልኝ።

አዘዞ ሜካኒክ (4:26)
ወንድሜ፣ መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትነካ! ፊትህን ይልጠዋል። ቢያንስ 40 ደቂቃ ጠብቅ። የላይኛው ማኒኮቶ (የውሃው ጎማ ቱቦ) በእጅ ሲያዝ የማያቃጥል ከሆነ ብቻ ወፍራም ጨርቅ ደርበህ ቀስ ብለህ ክፈት። ሞተሩ እንደጋለም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስበት፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ይሰነጠቃል።
አስፋልት ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ ቀስ ሲል ከጋለ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው ፋኑን ነው። በ80 ስትነዳ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያበርድልሃል። በ10 ስትሄድ ግን ያለህ ፋኑ ብቻ ነው። እስኪ ንገረኝ፦ ስንት ኩንታል ጭነሃል? ኤሲ ከፍተሃል? በስንተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው? በቅርቡ ጋራዥ ገብቷል?

የአይሱዙ ልጅ (4:29)
ውሃ ጨምርበት በቃ። እኔ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሳልይዝ ከቤት አልወጣም።

ፒያሳ ሰፈር (4:31)
እዛው ቡናውን አፍልተህ ጠጣና ቀጥል፣ እሳት አያስፈልግህም 😂

የካምፕ አብሳይ (4:37)
በሰው ጭንቀት አትሳቁ፣ ተዝካር ነው ያለው። እኔ ሹፌር አይደለሁም፣ ከሳንቃበር ወዲያ ባለው የጨነቅ ካምፕ ለእንግዶች ምግብ የማበስል ነኝ። ግን አንድ ነገር ልንገርህ። እኛ እዚያ ምስር ስንጥድ ቶሎ አይበስልም። ቦታው 3,600 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃው 88 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ከዚያ በላይ አይግልም። ጎንደር ላይ 93 አካባቢ ነው። የፕሬዠር ድስት ይዘን ከወጣን ግን ምስሩ እንደ አገር ቤት ይበስላል፣ እንፋሎቱ ታፍኖ ውሃው ቶሎ ስለማይፈላ። የመኪናውም ክዳን ሥራው ይኸው አይደለም እንዴ? ጎማው ከተቆረጠ እንፋሎቱን ያስወጣል፣ ውሃህም ገና ሳይግል ይፈላል። ክዳኑን እየው።

አዘዞ ሜካኒክ (4:40)
እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተብሎ ተጽፏል፣ የሚያፍነው ግፊት ነው። ሲበርድ ከፍተህ የውስጡን ጎማና ስፕሪንጉን እይ።

ጋሼ ኤንትሬ (4:48)
ልጄ፣ እኔ ሊማሊሞን በፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ዕድሜዬን የተመላለስኩበት ሰው ነኝ። የዛሬ ልጆች መኪና የምትነዱት በእግራችሁ ብቻ ነው፣ በጆሯችሁ አትሰሙም። ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ይቀነሳል፣ መሃል ላይ ከደከመ በኋላ አይደለም። በሦስተኛ እያቃሰተ ሲወጣ ነዳጁን በሙሉ ትሰጠዋለህ፣ ሞተሩ ግን ዙር የለውም። ዙር ከሌለው ፋኑም አይዞር፣ የውሃ ፓምፑም አይገፋ። እኛ ዳገት እግር ስር ቆመን ጎማ እንመታለን፣ ውሃ እናያለን፣ ረዳቱ ድንጋይ ይዞ ይወርዳል፣ ከዚያ በአንደኛ እንደ ኤሊ። ቀስ ያለ ሁልጊዜ ይደርሳል። መኪና እንደ በቅሎ ነው፣ ዳገት ላይ የሚገርፉት በቅሎ ገደል ይገባል። ጭነትም አይተው ነው…

የአይሱዙ ልጅ (4:50)
ጋሼ ልክ ናቸው። ውሃም ጨምር ግን።

ሞተረኛው (4:55)
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ ልክ አይመስለኝም። ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ነው አይደል? 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደር፣ ቱርቦ የሌለው። ይህ ሞተር በባዶው የቧሂትን ተራራ ይሻገራል። ችግሩ መጋሉ ሳይሆን አንተ ከአቅሙ በላይ መጫንህ ነው። አየሩ ሲሳሳ ጉልበቱም ይቀንሳል። ፎቶ ላክ እስኪ፣ ፖርቶመጋላው (ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ) ላይ ያለውን እንየው።

የደባርቅ መንገደኛ (5:02)
ሞተሩ 1ኤችዜድ ነው። ሰው ሰባት፣ እህልና ዱቄት ሰባት ኩንታል፣ ከዚያ ላይ ሦስቱ ፖርቶመጋላው ላይ። ኤሲው አይሠራም። በሁለተኛና በሦስተኛ ነበር የምወጣው፣ ከባዱን ፎር ዊል (አራቱንም ጎማ በዝግታ በጉልበት የሚያዞረውን ማርሽ) አላስገባሁም፣ ጭቃ ስለሌለ። ጋራዥ የገባው ባለፈው ወር ነው፣ ያኔም ትንሽ ሞቆ ነበርና ባለሙያው «ይህ ለአገራችን አያስፈልግም» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ጣለው። ያንን ሳልነግራችሁ ቀረሁ። ተሳፋሪዎቹ ጥላ ስር ተቀምጠዋል፣ አማቴ ቤት ደጋግመው እየደወሉ ነው።

አዘዞ ሜካኒክ (5:09)
አየህ! እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ቴርሞስታት ለብርድ አገር ብቻ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፣ ስህተት ነው። በዚህ ሞተር ላይ ቴርሞስታቱ ሁለት ሥራ አለው። ሲግል ወደ ራዲያተር የሚሄደውን በር ይከፍታል፣ ከሥሩ ባለው ዲስክ ደግሞ ውሃው በአቋራጭ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን ቀዳዳ ይዘጋል። ሲወጣ ያ ቀዳዳ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ ከፊሉ ውሃ ሳይበርድ ይዞራል። ሜዳ ላይ አይታወቅህም፣ ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ይወጣብሃል።

ሞተረኛው (5:12)
እኔ ያለ ቴርሞስታት አምስት ዓመት ነድቻለሁ፣ ምንም አልሆነም።

አዘዞ ሜካኒክ (5:14)
የት ነው የነዳኸው? መተማ ቆላው ሜዳ ላይ ከሆነ አልከራከርህም። አሁን ግን ሰውየው መንገድ ላይ ነው፣ በኋላ እንነጋገራለን።
ወንድሜ፣ ይህን አድርግ። ሞተሩ ጠፍቶ እንደሞቀ ፋኑን በእጅህ አዙር፤ ሞተሩ በርግጥ መጥፋቱን አረጋግጥ፣ ቁልፉን ኪስህ ክተት። ገታ እያለ መዞር አለበት። እንደ ብስክሌት ጎማ ከተሽከረከረ ፋኑን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የፋን ክላች ውስጡ ያለው ዘይት አልቋል። ፋኑን የሚያዞረውን ቺንጋም (ቀበቶ) ጫን ብለህ እይ። ከዚያ የራዲያተሩን ፊት እይ፣ በአቧራና በገለባ ተደፍኖ ይሆናል። ውሃ ስታፈስበት ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ይሁን፣ በቀስታ፣ ክንፎቹ እንዳይተኙ።

የደባርቅ መንገደኛ (5:31)
ራዲያተሩ ፊት ላይ ሙሉ ገለባ ነው፣ ከጎንደር ስወጣ ጭድ የጫነ መኪና ከፊቴ ነበር። አጸዳሁት። ፋኑ ግን በጣት ስነካው ሦስት ዙር ይሽከረከራል።

አዘዞ ሜካኒክ (5:35)
ክላቹ ሞቷል። እዚያ መጠገን አትችልም። ግማሹን ጭነትና አራቱን ሰው አውርድ፣ ወደ ኋላ የሚመጣ መኪና ይወስዳቸዋል። ከዚያ በከባዱ ፎር ዊል በአንደኛ፣ ካስፈለገ በሁለተኛ፣ ዙሩን ከ2,000 አታውርደው። ሂተሩን ሙሉ ከፍተህ መስኮት አውርድ፤ እናንተ ትቃጠላላችሁ፣ ሞተሩ ግን ይተነፍሳል። መርፌው ከመሃል ከፍ ሲል ሜዳ ፈልገህ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙር፣ ሞተሩን ሳታጠፋ በከፍ ያለ ዙር ጥቂት ያዘው። ቀዩን ከነካ ወይም ውሃ ከፈሰሰ ግን ወዲያው አጥፋ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ብትነሣ ይሻላል፣ ፀሐዩ ይበርድልሃል። ካልጨከንክ ተመለስ፤ ዳገቱ ገና ነው፣ ቧሂት ከ4,000 ሜትር በላይ ነው።

ጋሼ ኤንትሬ (5:38)
ይመለስ። ተዝካሩ ያለ እህሉም ይሆናል፣ ልጄ። ሰው ይቅደም።

የካምፕ አብሳይ (5:41)
እህሉን በበቅሎ ማስላክም ይቻላል፣ ሳንቃበር ካምፕ ጠይቅ። ክዳኑን ግን አየኸው? በባዶ ውሃም እዚያ አትደር፣ ጨነቅ ሌሊት ውሃ ይረጋል፣ ኩላንት (ውሃው እንዳይረጋ የሚያደርገው ፈሳሽ) ይግባበት።

የደባርቅ መንገደኛ (5:44)
ክዳኑን አሁን ላየው ነው። አራት ሰው ከአንድ መኪና ጋር ወደ ደባርቅ ልመልስ ነው፣ እህሉን ግማሽ… ስልኬ 6 ፐርሰንት ደረሰ

የአይሱዙ ልጅ (ማታ 1:15)
ምን ሆነ? ውሃ አልቆበት ነው እንዴ?

ጋሼ ኤንትሬ (ማታ 2:50)
ልጄ፣ ደረስክ? የደባርቅ ሰው ካለ ወሬውን ያድርሰን።

ሞተረኛው (በማግሥቱ 3:05)
አዘዞ ሜካኒክ፣ ያው ቴርሞስታት ጎንደር የት ይገኛል? ለእኔም አስገባዋለሁ።